የምግብ መግዣው ካርድ፤ የአሜሪካ መንግሥት ድጎማ እንዴት ይሠራል?

(በሬዲዮ ከተነገረው)

በከተማችን ከሚኖሩት የመንግሥት ሠራተኞች መካከል ወንድሙ፥ እኅቱ ወይም የአክስቱ ልጅ አሜሪካ አገር የሚኖርለት ብዙ ነው። ከዚያ ከሚመጣው ወሬም አንዱ «እገሌን እኮ መንግሥት ይቀልበዋል፤ በየወሩ ሦስት መቶ ዶላር ይገባለታል» የሚል ነው። ይህን የሰማ ዘመድ «ታዲያ ከዚያ ላይ ቈንጠር አድርጎ ቢልክልን ምን ይጎዳዋል?» ብሎ ቅር ይሰኛል። ቅሬታው ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ነገሩን ካለማወቅ ነው። በዚህም ምክንያት የተኳረፉ ቤተ ሰቦች ስላሉ፥ ጉዳዩን ከሥሩ ጀምሮ ማስረዳት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ነገሩ የተጀመረው በ1939 ዓ.ም. ግንቦት ወር፥ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር በተባለች ከተማ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሁለት ችግሮች ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በአንድ ወገን ገበሬው ያመረተውን የሚገዛው አጥቶ እህሉና ቅቤው ተከማችቶበታል፤ በሌላው ወገን ደግሞ ከሥራ የወጣው ከተሜ የሚበላው አጥቷል። የእርሻው መሥሪያ ቤት ሁለቱን የሚያገናኝ ዘዴ ፈለገ። ርዳታ የሚቀበል ሰው በገንዘቡ ብርቱካንማ ቀለም ያለው ቴምብር ይገዛል፤ ለገዛው ለእያንዳንዱ ዶላር የኀምሳ ሳንቲም ሰማያዊ ቴምብር በነጻ ይጨመርለታል። በብርቱካንማው የፈለገውን ምግብ ሊገዛበት ይችላል፤ በሰማያዊው ግን መንግሥት «ተርፏል» ያለውን ምግብ ብቻ ነው። እንግዲህ ድጎማው ከመነሻው ለችግረኛው ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም፥ ለባለ ሱቁም የታሰበ እንደ ነበረ ልብ ይሏል። እስከ ዛሬም ድረስ ጉዳዩን የሚያስተዳድረው የእርሻው መሥሪያ ቤት የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያ ዕቅድ በጦርነቱ ዘመን፥ በ1943 ዓ.ም. ተቋረጠ። በ1961 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለሙከራ እንደገና አስጀመሩት፤ በ1964 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ጆንሰን በፈረሙት ሕግ ቋሚ ሆነ። ነገር ግን አንድ ጉድለት ነበረበት። ቴምብሩን ለማግኘት አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ መክፈል ግዴታ ነበርና፥ ምንም በእጁ የሌለው ሰው፥ ማለትም ከሁሉ ይልቅ የተቸገረው፥ ከደጅ ቀረ። ይህ ግዴታ በ1977 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተሰርዞ ከ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ቀረ። በእኛ አስተያየት በጠቅላላው የድጎማው ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻያ አልተደረገም። ስሙም በ2008 ዓ.ም. ተለውጦ በአሕጽሮት «ስናፕ» ተባለ፤ ሐበሻው ግን እስከ አሁን «ፉድ ስታምፕ» ማለቱን አልተወም።

ወረቀቱ የቀረው ቀስ በቀስ ነው። በጥራዝ የታሰረውን ቴምብር ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት እየገነጠሉ መቍጠር፥ ከኋላ የተሰለፈው ሰው እያየ፥ ለብዙዎች ከረኃቡ ያልተናነሰ ጭንቀት ነበር። በ1984 ዓ.ም. በፔንሲልቬንያ ግዛት፥ ሬዲንግ በምትባል ከተማ፥ በቴምብሩ ፋንታ የፕላስቲክ ካርድ ተሞከረ። በ2004 ዓ.ም. በመላው አገር ካርድ ብቻ ሆነ። «ኢ.ቢ.ቲ.» የሚሉት ይህ ካርድ ከውጭ ሲታይ የባንክ ካርድ ይመስላል፤ በየወሩ በተወሰነው ቀን ሒሳቡ ይሞላል፤ ባለቤቱም አራት አኀዝ ያለው የምስጢር ቁጥር ይዞ ይገዛበታል።

ስንት ይሰጣል? ሁሉም እኩል አያገኝም። የመንግሥቱ አሳብ አንድ ቤተ ሰብ ከተጣራ ገቢው ከመቶ ሠላሳውን በራሱ ለምግብ ያውላል የሚል ነው፤ የጎደለውን ድጎማው ይሞላል። ከጥቅምት 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ዓመት በአብዛኛዎቹ ግዛቶች የተወሰነው ከፍተኛ ልክ ለአንድ ሰው በወር 298 ዶላር፥ አራት ሰው ላለበት ቤት 994 ዶላር ነው። የቤት ኪራይና ሌላው የተፈቀደው ወጪ ተቀንሶለት 1,000 ዶላር የተጣራ ገቢ የሚቀርለት ባለ አራት ቤተ ሰብ፥ ከ994 ላይ 300 ተነሥቶ 694 ዶላር ይደርሰዋል ማለት ነው። ለአራት ሰው የወር አስቤዛ ሲካፈል በቀን ለአንድ ራስ ስድስት ዶላር እንኳ አይሞላም። የዚያን አገር የገበያ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ይህ ትርፍ እንደማያስቀር ይገባዋል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ደንቡ በአንድ ቃል ሲነገር፥ እቤት ተወስዶ የሚበላ ወይም የሚበሰል ምግብ ይገዛል፤ ሌላው አይገዛም። ዳቦ፥ ሥጋ፥ ዓሣ፥ ወተት፥ እንቁላል፥ አትክልትና ፍራፍሬ ይፈቀዳል። አስካሪ መጠጥ፥ ትምባሆ፥ መድኃኒትና ቪታሚን፥ ሳሙና፥ የገላና የቤት ማጽጃ፥ የሕፃናት ዳይፐር አይፈቀድም። ዳይፐሩ ብዙ እናቶችን ያስለቅሳል፤ ሕጉ ግን አይበላም ብሎ ዘግቶታል። በመሸጫው ቦታ ትኩስ ሆኖ የቀረበ ምግብም በአብዛኛው አይገዛበትም። የሚያስገርመው ዘርና ችግኝ መፈቀዱ ነው፤ የጎመን ወይም የቃሪያ ዘር ገዝቶ በጓሮው የሚተክል ሰው በካርዱ ሊከፍል ይችላል። በአንዳንድ ግዛቶች ደግሞ ከ2026 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ለስላሳ መጠጥ ወይም ከረሜላ እንዳይገዛበት ስለ ተከለከለ፥ በአንዱ ግዛት የተፈቀደው በጎረቤቱ ላይፈቀድ ይችላል።

በዋሺንግተን አካባቢ፥ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ካሉት የሐበሻ ሱቆች፥ ካርዱን ለመቀበል ፈቃድ ካለው ወደ አንዱ የገባን ሰው እናስብ። እንጀራው ቀዝቅዞ በላስቲክ የተጠቀለለ ስለ ሆነ ይከፈልበታል። በርበሬው፥ ሽሮው፥ የጤፍ ዱቄቱ፥ ያልተቈላውም ቡና እንዲሁ። ወጥ በትኩሱ ተጨልፎ የሚሸጥ ከሆነ ግን ከኪሱ ያወጣል። ጠጅ፥ ዕጣንና ሻማም ከኪሱ ነው። ለፋሲካ በሕይወት ያለች ዶሮ በዚህ ካርድ አትገዛም፤ ታርዳ ከሱቅ የምትወሰደዋ ትገዛለች። ሒሳቡ ሲደረግ ገንዘብ ተቀባዩ ሁሉንም በአንድነት ያሳልፋል፤ መሣሪያው የተፈቀደውን ከካርዱ ቀንሶ የቀረውን በጥሬ ገንዘብ ወይም በሌላ ካርድ ይጠይቃል። በስናፕ በተገዛው ምግብ ላይ የሽያጭ ቀረጥ አይታሰብም። በደረሰኙም ግርጌ የቀረው ሒሳብ ይጻፋል።

በኢንተርኔት መግዛት የተጀመረው በሚያዝያ 2019 ዓ.ም.፥ በኒውዮርክ ግዛት፥ አማዞንና ዋልማርትን በመሰሉ ታላላቅ ነጋዴዎች ነው። ዘገምተኛ ሙከራ ሆኖ ሊቀር ይችል የነበረውን ነገር በ2020 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ለአብዛኛው አገር አዳረሰው። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ገዢው በሱቁ ድረ ገጽ ስሙን ያስመዘግባል፤ የካርዱን ቁጥር ያስገባል፤ ዕቃውን ሲመርጥ በድጎማው የሚገዛው ተለይቶ ምልክት ይደረግበታል፤ በመጨረሻም የምስጢር ቁጥሩን ይሰጣል። ያዘዘው ጎድሎ ወይም ተበላሽቶ ቢመለስ ዋጋው ወደዚያው ካርድ ይገባል እንጂ በጥሬ ገንዘብ አይሰጠውም። ዕቃውን እቤት ድረስ ለማምጣት የሚጠየቀው ክፍያና ጉርሻ ግን በድጎማው አይሸፈንም። መኪና ለሌላት አሮጊት ወይም ልጆቿን ጥላ መውጣት ለማትችል እናት ይህ ዘዴ ታላቅ ማቃለያ ነበር፤ ይሁን እንጂ የማምጫውን ክፍያ የሚሸፍን ሌላ ገንዘብ ከሌላት በሩ ግማሽ ብቻ እንደ ተከፈተላት ይቈጠራል። ሄዶ የታዘዘውን ከሱቁ ደጅ መረከብ በብዙ ቦታ በነጻ ነውና፥ መጓጓዣ ያለው ይህን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ለዘመዶቻችሁ ብታደርሱት የሚጠቅም ነው። አብዛኞቹ የኢ.ቢ.ቲ. ካርዶች እንደ ባንክ ካርድ መጠበቂያ ቺፕ የላቸውም፤ ከጀርባቸው ጥቁር መግነጢሳዊ መስመር ብቻ ነው ያላቸው። ካሊፎርንያ በ2025 ዓ.ም. ቺፕ ያለውን ማደል ጀምራለች። ሌቦች በሱቁ የካርድ ማንበቢያ ላይ ተመሳሳይ ሽፋን ለጥፈው ቁጥሩን ይቀዱታል፤ ሒሳቡ በሚሞላበት ሌሊትም ባዶ ያደርጉታል። እናትየው በማግሥቱ ጋሪዋን ሞልታ ከገንዘብ ተቀባዩ ፊት ስትደርስ ነው የምታውቀው። የፌዴራሉ መንግሥት እንዲህ የተሰረቀውን የሚተካበት ሕግ በታኅሣሥ 20 ቀን 2024 ዓ.ም. ጊዜው አልፏል። ስለዚህ ሒሳቡ ከመሞላቱ አስቀድሞ የምስጢር ቁጥሩን መለወጥ፥ 1234ን የመሰለ ቀላል ቁጥር አለመያዝ፥ ግዛቱ የሚፈቅድ ከሆነም ካርዱን በማይገዙበት ጊዜ በስልክ መቈለፍ ያስፈልጋል። «ካርድህ ታግዷል፥ ቁጥርህን ላክ» ለሚል የስልክ መልእክት መልስ መስጠት አይገባም።

ማን ያገኛል ለሚለው፥ በሐምሌ 2025 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ብዙ ነገር ለውጧል። ስደተኞችና ጥገኝነት የተሰጣቸው ሰዎች ቀድሞ ድጎማውን ያገኙ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ እስኪይዙ ድረስ ተከልክለዋል። በዲቪ ዕጣ የሄደ ጎልማሳም፥ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፥ በጠቅላላው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቹ ግን አይጠብቁም። ጤነኛና ከ14 ዓመት በታች ልጅ የሌለው ሰው እስከ 64 ዓመቱ ድረስ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ወይም መሠልጠኑን ካላስረዳ፥ በሦስት ዓመት ውስጥ የሚፈቀድለት የሦስት ወር ድጎማ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር፥ የመንግሥቱ በጀት ባለመጽደቁ መሥሪያ ቤቶች ተዘግተው ሳለ፥ 42 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚጠብቀው የወር ድጎማ ዘግይቶበት ነበር።

እንግዲህ «ቢልክልን» ወደሚለው ነገር ስንመጣ፥ ይህ ሒሳብ ከባንክ መኪና በጥሬ ገንዘብ አይወጣም፤ በሐዋላም አይላክም። ካርዱን ለባለ ሱቅ ሰጥቶ በግማሽ ዋጋው ገንዘብ መቀበል ወንጀል ነው፤ ባለ ሱቁ ፈቃዱን ያጣል፤ ባለ ካርዱ ከድጎማው ይታገዳል፤ ሁለቱም ሊከሰሱ ይችላሉ። አሜሪካዊ ዜግነት ለሌለው ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ክስ በመኖሪያ ፈቃዱ ላይ የሚያመጣው መዘዝ አለ። ሳይነካ ዘጠኝ ወር ያህል የቈየ ሒሳብም ለመንግሥቱ ተመላሽ ስለሚሆን፥ ሊጠይቀን የሚመጣ ዘመድ ከመነሣቱ በፊት የቀረውን በደረቅ እህል ቢያውለው ይበጀዋል።