ሐምሌ 16፦ ምድር ከሰማይ መነበብ የጀመረችበት ቀን

ባሕር ዳር፦ ሐምሌ 16/2017 ዓ.ም

የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበት ዕለት በየዓመቱ በሐምሌ ወር አጋማሽ በልዩ ልዩ መገናኛ ብዙኃን ይዘከራል። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈችው ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ ነበር። ኒል አርምስትሮንግ ከመንኮራኩሯ ወርዶ አፈሩን ሲረግጥ ደግሞ በእኛ አገር ሌሊቱ ሊነጋ ተቃርቦ 11 ሰዓት ከ56 ሆኗል፤ ቀኑም ሐምሌ 14 ገብቷል።

ከዚህ መታሰቢያ በሦስተኛው ቀን የሚውለውን ሌላ ዕለት ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከሚገኘው የቫንደንበርግ ማስወንጨፊያ ጣቢያ አንድ ሳተላይት ወደ ሕዋ ተላከ። በኋላ ላንድሳት 1 የሚል ስም የተሰጠው ይህ ሳተላይት ዓላማው ጨረቃም ከዋክብትም አልነበሩም፤ እርሻን፣ ደንን፣ ውኃንና አፈርን ከላይ ሆኖ እንዲያይ የተሠራ ነበር። በ2017 ዓ.ም 53 ዓመት ሞላው። ለአርሶ አደሩ ከሁለቱ የሐምሌ ቀናት የትኛው እንደሚቀርብ ቢጠየቅ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሁለተኛውን ትመርጣለች።

ከዚያ በፊት ሕዋን የመድፈሩ ታሪክ በአብዛኛው የኃያላን እሽቅድምድም ነበር። ሶቪየት ኅብረት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም ስፑትኒክን አመጠቀች፤ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም ዩሪ ጋጋሪንን ላከች። በመካከል፣ መጋቢት 23 ቀን 1952 ዓ.ም፣ አሜሪካ ያመጠቀችው ታይሮስ 1 የደመናን ምስል ከላይ አንሥቶ በመላክ የአየር ትንበያን መልክ ለወጠ። ደመናን ማየት ከተቻለ ከደመናው በታች ያለውን መሬት ለምን አናይም የሚለው ጥያቄ የተከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ሐሳቡ ተቃዋሚም አላጣም፤ ሥራውን አውሮፕላን በርካሽ ይሠራዋል የሚሉ የበጀት ሰዎች ነበሩ።

ላንድሳት 1 ሁለት መሣሪያዎችን ይዞ ነበር። ዋናው ይሆናል ተብሎ የታመነበት እንደ ቴሌቪዥን ካሜራ የሚሠራው ነው። ሁለተኛውን የነደፈችው ቨርጂኒያ ኖርዉድ የተባለች መሐንዲስ ስትሆን፣ መሣሪያው በሰከንድ ከ13 ጊዜ በላይ ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ መስታወት ምድርን መሥመር በመሥመር ይቃኛል። የሚንቀሳቀስ አካል ያለው መሣሪያ በሕዋ ውስጥ ይታመናል ወይ ብለው የተጠራጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ በኤሌክትሪክ ችግር የተዘጋው ዋናው ካሜራ ሆነ፤ የኖርዉድ መሣሪያ እስከ 1970 ዓ.ም ድረስ ሠርቶ ከ300 ሺህ በላይ ምስሎችን ላከ።

የመሣሪያው ብልሃት ዐይናችን የማያየውን ብርሃን ማየቱ ነው። ቅጠል አረንጓዴ የሚመስለን ክሎሮፊል የተባለው ቀለም ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን ለምግብ ማዘጋጃ ስለሚውጥ፣ አረንጓዴውን ግን በከፊል ስለሚመልስ መሆኑን በግብርና ኮሌጅ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በትምህርቱ ብዙ ጊዜ የማይነሣው ሌላው ነገር ነው። ጤናማ ቅጠል ከቀይ ቀጥሎ ያለውንና ለዐይን የማይታየውን ታህተ ቀይ ብርሃን በከፍተኛ መጠን መልሶ ያንጸባርቃል። ይህን የሚያደርገው የቅጠሉ የውስጥ ክፍል አሠራር ነው። ተክሉ ሲጠማ ወይም ሲታመም ክሎሮፊሉ ይቀንሳል፤ የሚመለሰው ቀይ ብርሃን ይጨምራል፤ ታህተ ቀዩ ደግሞ ይወርዳል።

እ.ኤ.አ በ1973 በአሜሪካ ቴክሳስ ተመራማሪዎች የዚህኑ ሳተላይት መረጃ ይዘው ይህን ልዩነት ወደ አንድ ቁጥር አመጡት። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ ከታህተ ቀዩ ላይ ቀዩን ቀንሶ ለሁለቱ ድምር ማካፈል ነው። ለምሳሌ አንድ የለመለመ ማሳ ከደረሰበት ብርሃን ታህተ ቀዩን 45 በመቶ፣ ቀዩን 5 በመቶ ቢመልስ፣ 40 ለ50 ሲካፈል 0.8 ይሆናል። ያው ማሳ ዝናብ ቆሞበት ታህተ ቀዩ ወደ 30 ቢወርድና ቀዩ ወደ 15 ቢወጣ ውጤቱ 0.33 ነው። ባዶ አፈር ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ውኃ ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በእርግጥ ቁጥሩ ለብቻው ብዙ አይናገርም። ትርጉም የሚያገኘው የዘንድሮው የነሐሴ ወር ካለፉት ዓመታት ነሐሴዎች ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ስለዚህም የ53 ዓመት ክምችት ራሱ ሀብት ነው።

የዚያን ጊዜው ምስል ምን ያህል ያሳይ እንደነበር በእኛው መለኪያ ማየት ይቻላል። ላንድሳት 1 መሬትን የሚለየው 80 ሜትር በ80 ሜትር ገደማ በሆነ ነጥብ ነበር። ይህ ከግማሽ ሄክታር ይበልጣል፤ ጥማዱን በሩብ ሄክታር ብንይዘው ሁለት ጥማድ ተኩል ነው። የአንዱ ጤፍ፣ የጎረቤቱ ስንዴና በመካከላቸው ያለው ድንበር በአንድ ነጥብ ተቀላቅለው ይታዩ ነበር ማለት ነው። ለአሜሪካ ሰፋፊ እርሻ በቂ የነበረው ዐይን ለእኛ ቁርጥራጭ ማሳ አልበቃም። ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ላንድሳት 8 እና 9 በ30 ሜትር፣ የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 በ10 ሜትር ያያሉ። በ10 ሜትር ሲታይ አንድ ጥማድ 25 ነጥብ ይወጣዋል።

ማየት ግን ማዳን አይደለም። ላንድሳት 1 በመጠቀ ማግስት፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም፣ ወሎ በረኃብ ስትጎዳ ሳተላይቱ በዚያው ሰማይ ላይ ያልፍ ነበር። ምስሉን እያነበበ የሚያስጠነቅቅ ሥርዓት ግን አልነበረም። እንዲህ ያለው ሥርዓት የመጣው የ1977ቱ ድርቅ ካደረሰው እልቂት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1985 በአሜሪካ የልማት ተራድዖ ድርጅት የተቋቋመው የረኃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የሳተላይት መረጃን ከዝናብና ከገበያ ዋጋ ጋር አጣምሮ ሲከታተል ቆይቷል። ይኸው ሥርዓት በ2017 ዓ.ም ጥር ወር በአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ መታገድ ምክንያት ለወራት ሥራውን አቋርጦ ነበር። ሳተላይቶቹ በዚያን ጊዜም ማንሣታቸውን አላቆሙም፤ የጎደለው አንባቢው ነው።

ነገሩ ወደ አርብቶ አደሩ ኪስም ደርሷል። በቦረና እ.ኤ.አ ከ2012 ጀምሮ የቀረበው የእንስሳት መድን ካሣ የሚከፍለው የሞተ ከብት ተቆጥሮ ሳይሆን ከሳተላይት የሚታየው ልምላሜ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ ነው። ገማች በየበረቱ መላክ ስለማያስፈልግ ወጪው ይቀንሳል። ዳሩ ግን ከሰማይ የታየው አረንጓዴ ሁሉ ሣር አይደለም። ቁጥቋጦ የወረረው ግጦሽ ከላይ ለምልሞ ሊታይ፣ ከብቱ ግን በሥሩ ሊራብ ይችላል። ያን ጊዜ ቁጥሩ ደህና ነው ይላል፤ ካሣውም ይቀራል። በሰብል መድንም ተመሳሳይ ሥጋት አለ፤ አረምም አረንጓዴ ነውና። እንዲህ ያለ ውል የሚቀርብለት ሰው ልምላሜው በምን ያህል ስፋት እንደሚለካና ልዩነት ሲፈጠር አቤቱታው የት እንደሚቀርብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ክልላችን ስንመለስ፣ የጣና ሐይቅ ለዚህ ዐይን ምቹ ነው። ውኃ ታህተ ቀይ ብርሃንን ስለሚውጥ በምስሉ ላይ ይጠቁራል፤ እምቦጭ ግን ቅጠል ነውና በጨለማ ላይ እንደ ነበልባል ይታያል። ተመራማሪዎችም የአረሙን ስርጭት ለመለካት የሴንቲኔል 2 ምስሎችን ተጠቅመዋል። በደቡብ ጎንደር ደግሞ በታረሰ መሬት መካከል ተነጥለው የሚታዩት ክብ አረንጓዴ ነጥቦች የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን እንዲህ ያሉትን ከላይ የተነሡ ምስሎች ለካህናት አሳይተው ደኑ ምን ያህል እየጠበበ እንደሆነ አስረድተዋል፤ በዙሪያው የድንጋይ አጥር የማጠሩ ሥራም ከዚህ ጋር ተያይዞ ተስፋፍቷል።

የዚህ ቴክኖሎጂ ትልቁ ጠላት አሁን ከራሳችን በላይ ያለው ደመና ነው። በብርሃን የሚሠራ ሳተላይት ደመናን አያልፍም፤ ሰብላችን የሚያድገውም በክረምት ነው። ስለዚህ መረጃው እጅግ በሚፈለግበት በሐምሌና በነሐሴ የጠራ ምስል ማግኘት ይከብዳል። መፍትሔ የሆነው የራሱን የራዳር ሞገድ ልኮ የሚቀበለው የሴንቲኔል 1 ዓይነት ሳተላይት ነው፤ ደመናም ጨለማም አያግደውም።

ኢትዮጵያም የራሷን የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም በቻይና ድጋፍ፣ ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ አምጥቃለች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችው ይህች ሳተላይት መቆጣጠሪያዋ በእንጦጦ ነበር።

የላንድሳት ምስል በአንድ ወቅት እስከ 4 ሺህ ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ ከ2008 ጀምሮ ግን ለማንኛውም ሰው በነጻ ክፍት ነው። የሴንቲኔል ምስሎችም እንዲሁ። ለባሕር ዳር የከተማ ነዋሪም ሆነ በወረዳ ላለ የግብርና ባለሙያ የሚያስፈልገው ኢንተርኔትና ጥቂት ሥልጠና ነው። ላንድሳት 8 እና 9 እየተፈራረቁ በአንድ ቦታ ላይ በየ8 ቀኑ ያልፋሉ፤ ሰዓታቸውም የከሰዓት በኋላው ደመና ከመከመሩ በፊት፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው።