ኳስ ያልነካ ተከላካይ ምን ሠራ? በአውስትራሊያ ፉቲ ስለ ሚና ተከላካይ የሚነገር ተረትና እውነታው

በአገሬው አጠራር «ፉቲ» የሚባለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ተጫዋችን በቁጥር መመዘን የለመደ ስፖርት ሲሆን፣ ስለ ተከላካዮች ዋጋ ከደጋፊ ወደ ደጋፊ ሲተላለፉ የኖሩ ጥቂት አባባሎችም ማንም ሳይመረምራቸው እንደ ደንብ ሊቆጠሩ ደርሰዋል። ክርክሩ የሚበረታው «የሚና ተከላካይ» በሚባለው ተጫዋች ላይ ነው፤ ይህም ጥቃት እንዲጀምር ወይም በአየር የመጣ ኳስ አቋርጦ እንዲይዝ ሳይሆን፣ አንድ የተወሰነ አጥቂ እንዳያስቆጥር እንዲያደርግና ከዚያ ያለፈውን ለሌሎች እንዲተው የታዘዘ ተጫዋች ማለት ነው።

አባባሎቹን ለመመርመር የጨዋታውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንቡ መጀመሪያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1859 በሜልበርን ሲሆን፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ወገን 18 ተጫዋቾች እንደ እንቁላል ሞላላ በሆነ ሜዳ ላይ ይሰለፋሉ። ኳሷ በእግር ትመታለች፣ በእጅ ትያዛለች፣ በቡጢ ተመትታም ለጓደኛ ትተላለፋለች። በየጫፉ አራት ቋሚዎች የቆሙ ሲሆን፣ በመካከለኞቹ ሁለት መካከል በእግር ተመትታ ያለፈች ኳስ ጎል ተብላ 6 ነጥብ፣ በመካከለኛውና በውጪኛው ቋሚ መካከል ያለፈች ደግሞ «ቢሃይንድ» ተብላ 1 ነጥብ ታስገኛለች። ከ15 ሜትር በላይ ተመትታ የመጣችን ኳስ መሬት ሳትነካና ሌላ ሰው ሳይነካት የያዘ ተጫዋች «ማርክ» ያዘ ይባላል፤ ማንም ሳያውከው ቆሞ የመምታት መብትም ያገኛል። ከጨዋታ ውጪ የሚባል ደንብ የለም። ስለዚህ አጥቂ የፈለገበት ቦታ መቆም ይችላል፤ ተከላካዩም የኋላ መስመሩን ወደ ፊት ገፍቶ የሚያመልጥበት መንገድ ስለሌለው፣ በሰፊ ሜዳ ላይ ከአንድ ሰው ጋር ብቻውን መፋጠጥ የዘወትር ዕጣው ነው።

«ኳስ ብዙ ያልነካ ተከላካይ ብዙ አልሠራም»

ከሁሉም የተስፋፋው አባባል ይህ ነው። ምንጩም ግልጽ ነው፦ በጋዜጣ ሠንጠረዥም ሆነ በቴሌቪዥን ስክሪን ከሁሉ በፊት የሚታየው ቁጥር ተጫዋቹ ኳስን በእግርና በእጅ ስንት ጊዜ እንዳቀበለ የሚያሳየው ነው። ታላቁ የግል ሽልማትም ይህንኑ ዝንባሌ ያንጸባርቃል። ከ1924 ጀምሮ በዳኞች ድምፅ የሚሰጠው የብራውንሎው ሜዳልያ በአብዛኛው የአማካዮች ሀብት ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ የኤሰንደኑ ጋቪን ዋንጋኒን በ1993 ካሸነፈ ወዲህ በዋናነት ተከላካይ የሆነ ተጫዋች አልወሰደውም። እርሱም ቢሆን ኳስ ይዞ እየሮጠ ጥቃት የሚያስጀምር ተከላካይ ነበር እንጂ ጸጥተኛ ጠባቂ አልነበረም።

የሚና ተከላካይ ሥራ ግን ኳስ በእጁ ከመግባቷ በፊት የሚያልቅ ነው። አንድ ረጅም ኳስ ወደ ጎል አካባቢ ስትላክ አጥቂው ወደሚላክለት አቅጣጫ አስቀድሞ መሮጥ ይጀምራል፤ ተከላካዩ በግማሽ እርምጃ ስለሚቀደም ዓይኑን ከኳሷ ላይ ሳያነሳ፣ በትከሻው የባላጋራውን አካል እየዳሰሰ፣ የት እንደሚዘል መገመት ይኖርበታል። ከኋላ ቢገፋው ወይም ክንዱን ቢመታው ቅጣት ምት ይሰጥበታል፤ ይህም ለአጥቂው ማርክ ከመስጠት አይለይም። ቢዘገይ ኳሷ ትያዛለች፤ ቢቸኩል ደግሞ አናቱ ላይ አልፋ ከኋላው ትወድቃለች። እርሱም ራሱ ለመያዝ ቢሞክርና ብታመልጠው ዋጋው 6 ነጥብ ሊሆን ስለሚችል፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት ጨብጦ በዘረጋው ቡጢ ኳሷን ወደ ጠርዝ መስመር ይመታታል። ይህ «ስፖይል»፣ በአማርኛ ማጨናገፍ ሊባል የሚችለው ተግባር፣ በእግርም በእጅም እንደ ማቀበል አይቆጠርም። ይቆጠርበት የነበረው የመዝገብ ዓምድ እንኳን «ዋን ፐርሰንተር»፣ ማለትም «አንድ በመቶኛ» የሚል ስም የተሰጠው መሆኑ ትዝብት ላይ የሚጥል ነው፤ ሥራው ገና ሳይመዘን ስሙ አሳንሶታልና። እንዲህ ያለውን ተጫዋች ባቀበለው ኳስ ብዛት መመዘን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

«እንዲህ ያለውን ሥራ ማንም ሊሠራው ይችላል»

ይህ አባባል ከፊል እውነት ስላለበት ለመንቀል አስቸጋሪ ነው። የሚና ተከላካዮች ብዙ ጊዜ የሚገኙት ክለቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ በሚመርጡበት «ድራፍት» በተባለው ሥርዓት ቀዳሚ ምርጫዎች ውስጥ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ከዚያ በታች ባለው የጀማሪዎች ዝርዝር፣ በርካሽ ክፍያ የገቡ ናቸው። ስሕተቱ ያለው ሰውየው ሲገኝ የወጣበትን ዋጋ ሥራው ከሚያወጣው ዋጋ ጋር በማምታታት ላይ ነው።

የዌስተርን ቡልዶግሱ ዴል ሞሪስ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ክለቡ እስከ 1996 ድረስ በፉትስክሬይ ስም ይጠራ የነበረ ሲሆን፣ ይህ የሜልበርን ምዕራባዊ ሠፈር ዛሬ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ተደርድረው የሚታዩበት በመሆኑ ለአማርኛ አንባቢ ባዕድ አይደለም። ሞሪስ በጀማሪዎች ዝርዝር ገብቶ ከ250 በላይ ጨዋታዎችን የተጫወተ፣ የዘመኑን ትልልቅ አጥቂዎች ሲከተል የኖረ ተከላካይ ነው። ክለቡ ከ1954 ወዲህ ያላየውን ዋንጫ ለማግኘት በ2016 ፍጻሜ ከሲድኒ ጋር ሲገናኝ፣ በመጨረሻው ሩብ ጨዋታው ገና ባልለየለት ሰዓት ኳሷ የሲድኒው ታላቅ አጥቂ ላንስ ፍራንክሊን እጅ ገባች። ሞሪስ ከኋላው ደርሶ ቆልፎ ያዘው፤ ኳሷም ከፍራንክሊን እጅ አምልጣ ሾለከች። ቶም ቦይድ አንስቶ ከሩቅ መታት፤ ኳሷ መሬት ላይ እየነጠረች በመካከለኞቹ ቋሚዎች መካከል አለፈች። ቡልዶግስ 89 ለ67 አሸነፈ። በዚያ ቅጽበት ጎሉ በቦይድ ስም የተመዘገበ ሲሆን፣ ሞሪስ ያገኘው አንድ ታክል፣ ማለትም ባላጋራን ይዞ የማስቆም ምልክት ብቻ ነው። ማንም ሊሠራው የሚችለው ሥራ ቢሆን ኖሮ ፍራንክሊንን ለመሰለ ሰው መድኀኒቱ ባልጠፋ ነበር።

«የኋላ መስመርን የሚያቆመው ኳስ አቋራጩ ኮከብ ነው»

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተከላካዮች ክብር ጨምሯል፤ የጨመረው ግን ለአንድ ዓይነት ተከላካይ፣ የራሱን ሰው ትቶ በሌላው ላይ የተላከን ኳስ በአየር አቋርጦ ለሚይዘው ነው። በ2018 ፍጻሜ የዌስት ኮስቱ ጄረሚ መክጋቨርን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አቋርጦ የያዛት ኳስ በኔተን ቫርዲና በሊያም ራያን በኩል ሜዳውን ተሻግራ ዶም ሺድ ከጠርዝ መስመር አጠገብ ጎል ሲያስቆጥርባት፣ ዌስት ኮስት ኮሊንግውድን 79 ለ74 ረትቷል። ይህን መሰሉ ተጫዋች የሚገባውን ምስጋና ማግኘቱ አያጠያይቅም።

ሊጠየቅ የሚገባው አቋራጩ የራሱን ሰው ጥሎ መሄድ የቻለው ለምንድን ነው የሚለው ነው። ተከላካይ ቦታውን ለቆ ወደ ኳሷ ሲሮጥ በቡድኑ ላይ አደጋ ይጥላል፤ ይህን አደጋ የሚሸከሙት አጠገቡ ያሉት፣ የየራሳቸውን አጥቂ ያለ እገዛ እንደሚይዙ ወይም ያለ ጠባቂ የቀረውን ፈጥነው እንደሚረከቡ የታመነባቸው ናቸው። አጥቂዎቹን ጎል አጠገብ የሚይዝ ሰው ሲጠፋ ደግሞ አቋራጩ ኮከብ ከራሱ ሰው ጋር ታስሮ ይቀራል፤ ቁጥሩም ያሽቆለቁላል። እንግዲህ የሚና ተከላካዩ የሥራ ውጤት ጠፍቶ የቀረ ሳይሆን፣ በሌላ ሰው መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው። ይህን ነጥብ ከዘነጉት ስለ ተከላካይ ዋጋ የሚደረገው ክርክር ሁሉ መሠረቱን ይስታል።

በነገራችን ላይ የሚና ተከላካይ ሳያስብ እንደ ጥላ የሚከተል ነው የሚለውም ከዚሁ የመነጨ ስሕተት ነው። ማንን መቼ ለማን ማስረከብ እንዳለበት በቅጽበት የሚወስነው እርሱ ነው። ከ2019 ጀምሮ ጨዋታው ከመሐል በሚጀመርበት ጊዜ ሁሉ እያንዳንዱ ቡድን በሁለቱ የጎል ክልሎችና በመሐል ስድስት ስድስት ተጫዋች እንዲያቆም የሚያስገድድ ደንብ ስለወጣ፣ በዚያች ቅጽበት አንድ ለአንድ መፋጠጡ በሕግ የታዘዘ ያህል ሆኗል።

«አጥቂው ካላስቆጠረ ተከላካዩ አሸንፏል»

የሚና ተከላካይ ወዳጆችም የራሳቸው ተረት አላቸው። አጥቂው ጎል ሳያስቆጥር የወጣው ኳስ በሥርዓቱ ስላልደረሰው ሊሆን ይችላል፤ መሐል ሜዳ ላይ የተጨነቀ ተጫዋች በጭፍን የሚልካት ከፍ ያለች ኳስ ለማንኛውም ተከላካይ የምትመች ሲሆን፣ አነጣጥሮ በአጥቂው ደረት ላይ የሚያሳርፋትን ግን የትኛውም ጠባቂ በቀላሉ አያስቆማትም። ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ ስንት ተቆጠረበት የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ጊዜ ለብቻው ተጋፈጠ፣ ከእነዚያስ በስንቱ ተሸነፈ የሚለው ነው። በዚህ ሚዛን የወረደ ተከላካይ፣ ታታሪነቱ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ሚናውን አልተወጣም መባል አለበት።

የሪችመንድ ታሪክ እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ያሳያል። አሌክስ ራንስ ከ2014 እስከ 2018 በተከታታይ አምስት ጊዜ «ኦል ኦስትራሊያን» በሚባለው የዓመቱ ምርጥ ቡድን የተካተተ የዘመኑ ታላቅ አቋራጭ ተከላካይ ነበር። በ2019 በመጀመሪያው ሳምንት ጨዋታ ጉልበቱ ተጎድቶ ከውድድር ሲወጣ፣ የኋላ መስመሩ ይፈርሳል ያለው ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት ፍጻሜ ግን ሪችመንድ ግሬተር ዌስተርን ሲድኒን 114 ለ25 ሲያሸንፍ፣ ተሸናፊው በጨዋታው ሙሉ ያስቆጠረው ሦስት ጎል ብቻ ነው። ከፊሉ ምስጋና ከፊት ሆነው ኳስ ላኪዎቹን ላስጨነቁት መሆኑ አይካድም። ከኋላ ግን ዴቪድ አስትበሪ፣ ኒክ ቭላስተይንና ዲላን ግራይምስ ነበሩ። ግራይምስ በ2017 ሪችመንድ ዋንጫ ሲወስድም ከራንስ ጎን ቆሞ ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው፤ በዓመቱ ምርጥ ቡድን ውስጥ ስሙ የተጻፈው ግን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ራንስ በሌለበት በ2019 ነበር።