ርካሹ ዕቃ ስንት ያስከፍለናል?

የወር ደመወዝ በተከፈለ ማግስት በጦር ሠፈሩ አጠገብ ያለችው ገበያ ትደምቃለች። ወታደሩ ግዳጅ ላይ ከሆነ ዘንቢሉን አንጠልጥላ የምትወጣው ባለቤቱ ናት። በእጇ ያለው ገንዘብ የተቆጠረ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚጠብቃት ጉድለት ግን ከገንዘቡ ይበልጣል። ነጋዴው ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንዱን ዋጋ የሌላውን እጥፍ አድርጎ ሲጠራባት፣ እጇ ወደ ርካሹ ቢዘረጋ የሚፈርድባት አይኖርም። እኛም በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የተነሣነው ልንወቅሳት ሳይሆን አብረናት ሒሳቡን ልንሠራ ነው።

ወታደሩ ለዚህ ጥያቄ በራሱ ሙያ መልስ ከሰጠ ቆይቷል። ረጅም ጉዞ የሚጠብቀው ሰው ከስክስ ጫማውን የሚመርጠው በመልኩ ወይም በዋጋው አይደለም፤ መንገድ ላይ የማይከዳው መሆኑን መርምሮ ነው። የኮዳውን ክዳን ይፈትሻል፤ የቀበቶውን ዘለበት ይጎትታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ እንደሚፈታ ከማንም ይበልጥ እርሱ ያውቃል። ታዲያ ይህ ጥንቃቄ ወደ ጓዳ ሲገባ ስለምን ይረሳል?

ከከሰል ማንደጃ እንጀምር። ተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱን በጎኑ ይበትናል። “ላቀች” የሚባለው ምድጃ በቆርቆሮው ውስጥ የሸክላ ሽፋን ስላለው ሙቀቱን አቅቦ ወደ ድስቱ ይመራዋል። የኬንያው “ጂኮ” ዘመድ የሆነው ይህ ምድጃ በአግባቡ ከተሠራ የከሰሉን ፍጆታ እስከ ሩብ ያህል ይቀንሳል። በወር 40 ኪሎ ከሰል የሚያነድ ቤት እስከ 10 ኪሎ ሊተርፈው ይችላል ማለት ነው። እንጀራ በእንጨት ለሚጋገርበት ቤትም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ የሚሠራው “ምርጥ” ምድጃ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ወጪ እስከ ግማሽ ያሳንሳል። ከግዳጅ የተመለሰ ባል “ለአንድ ምድጃ ይህን ሁሉ ከፈልሽ?” ብሎ ቢቆጣ፣ “ቁጣህን እስከ ወሩ መጨረሻ አቆይልኝ፤ የከሰሉን ሒሳብ ያን ጊዜ እንተሳሰባለን” ብትለው መልሷ በቂ ነው።

ከዚህ የምንማረው ቀላል ስሌት አለ፤ ዋጋውን ዕቃው በሚያገለግልባቸው ወራት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል በ150 ብር የተገዛ ባልዲ በ5 ወር ቢሰነጠቅ በወር 30 ብር አስከፍሏል። በ300 ብር የተገዛው 2 ዓመት ቢያገለግል ግን የወሩ ወጪ 12 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ርካሽ የመሰለን ባልዲ ውድ ሆኖ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ጉዳቱ በብር የማይቆጠርበት ጊዜም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦው የቀጠነ ርካሽ ዲቫይደር ይህን ሊሸከም አይችልም፤ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ በመጨረሻም ይነዳል። ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ የሠፈር ቤቶች ደግሞ እሳት በአንድ ቤተሰብ ደጃፍ አይቆምም። በዲቫይደር የተረፈችው ጥቂት ገንዘብ፣ አባወራው በግዳጅ ላይ ሳለ ስለ ልጆቹ ክፉ ወሬ እንዲሰማ ምክንያት ልትሆን ትችላለች። ምጣድ በወፍራም ሽቦ፣ ለብቻው በተዘረጋ መስመር እንጂ በዲቫይደር ሊሠራ አይገባውም።

በምግብ ረገድም እንዲሁ ነው። የተፈጨ በርበሬ ከገበያው ዋጋ እጅግ ወርዶ ሲገኝ ባዕድ ነገር መቀላቀሉን መጠርጠር ይገባል፤ ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ ማስፈጨት ድካም ቢኖረውም የሚበሉትን ያሳውቃል። ኬሚካል የተያዘበት ጄሪካን ምንም ቢታጠብ ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

እንዲህ ስንል ግን “ውድ የሆነ ሁሉ መልካም ነው” ማለታችን አይደለም። ዋጋ ምስክር አይደለም፤ ምስክሩ ዕቃው ራሱ ነው። የድስቱን እጀታ ነቅንቁ፤ የብርድ ልብሱን ስፌት ሳብ አድርጋችሁ እዩ፤ ሳሙናው ውኃ የበዛበት ለስላሳ ከሆነ ቶሎ እንደሚሟሟ ዕወቁ። ጠንካራውንም ቢሆን ቆራርጦ፣ በጥላ አድርቆ መጠቀም ዕድሜውን ያራዝመዋል። ከሁሉም በላይ ዕቃውን ዓመት የተገለገለችበትን ጎረቤት መጠየቅ ከነጋዴው መሐላ ይሻላል።

ርካሹን መግዛት ብልህነት የሚሆንበትም ቦታ አለ። በስድስት ወር ለሚጠበው የሕፃን ልብስ፣ ለመጥረጊያና ለመሳሰለው ብዙ ማውጣት አያስፈልግም። የዝውውር ትእዛዝ መቼ እንደሚመጣ ለማያውቅ ቤተሰብም፣ በጭነት መኪና ላይ ሲንገላታ የሚሰባበር ከባድ ቁም ሣጥን ከቀላሉ መደርደሪያ አይበልጥም። እንግዲህ መለያው ይህ ይሁን፦ እሳት፣ ኤሌክትሪክ፣ ውኃና ምግብ የሚነካውን፣ በየቀኑም የምንገለገልበትን በጥራቱ እንምረጥ፤ በቀረው እንቆጥብ።

“ስሌቱስ ገብቶናል፤ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከየት እናምጣው?” የምትሉ ብዙዎች እንደምትሆኑ እናውቃለን። እውነት ነው፤ ድህነት ሰውን ደጋግሞ ርካሹን እያስገዛ ይበልጥ ያስከፍለዋል። መውጫው ግን ከእጃችን የራቀ አይደለም። ዐሥር እናቶች ለምድጃና ለድስት ብለው ትንሽ ዕቁብ ቢጥሉ፣ በየተራ የሚወጣው ዕጣ ማንኛቸውም ለብቻቸው ያልቻሉትን ይገዛል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የለ!

በመጪው ደመወዝ ዘንቢሉ ከመነሣቱ በፊት ባልና ሚስት ለጥቂት ደቂቃ አብረው ይቀመጡ፤ ባል ሩቅ ከሆነም ሐሳቡን በስልክ ይስጥ። ምን በጥራቱ፣ ምን በዋጋው እንደሚገዛ አስቀድሞ የተመካከረ ቤት፣ ገበያ ውስጥ በነጋዴ ጥሪ አይታለልም እንላለን።