«ፈተና» እና «ፍተሻ»፦ ስለ ቲ ፍተሻ ስያሜዎች

በሥነ ልቡና የስታትስቲክስ መቅድማዊ ትምህርት ሁለት አማካዮችን ለማነጻጸር የሚያገለግል አንድ የታወቀ ስሌት አለ። ተርጓሚ ይህን ስሌት በአማርኛ ሊሰይም ሲነሣ በቅድሚያ የሚመጣለት «የተማሪ ቲ ፈተና» የሚለው ነው። ይህ ስያሜ ስለምን እንደማያዋጣ ከማስረዳታችን በፊት የስሌቱን ጠባይ በምሳሌ እንመለከታለን፤ ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው።

በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ፣ 20 ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት እኩል ተከፈሉ እንበል። አንደኛው ምድብ የግዕዝ ቃላትን በዜማ፣ ሁለተኛው በንባብ ብቻ አጠና። በኋላ በተሰጠው ፈተና የመጀመሪያው ምድብ በአማካይ 14፣ ሁለተኛው 12 ቃላት አስታወሰ። ይህ የ2 ቃላት ልዩነት ከአጠናኑ ስልት የመጣ ነው ወይስ የዕጣ አጋጣሚ ያስገኘው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመሻት የአማካዮቹ ልዩነት ለልዩነቱ መደበኛ ስሕተት ይካፈላል። የየምድቡ መደበኛ ልይይት 2 ቢሆን የቲ ዋጋ 2.24 ገደማ ይሆናል። በ0.05 መጠን፣ ለ18 የነጻነት ደረጃ፣ በሁለት ወገን የተወሰነው ወሰን 2.10 ነውና ልዩነቱ ጉልህ ይባላል። ይኸውም በስልቶቹ መካከል አንዳች ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የሰፋ ርቀት በአጋጣሚ የሚገኘው ከ100 ጊዜ ከ5 ባነሰ ነበር ማለት ነው። የተማሪዎቹ ውጤት ይበልጥ ተበታትኖ መደበኛ ልይይቱ 4 ቢሆን ግን አማካዮቹ እነዚያው ሳሉ የቲ ዋጋ ወደ 1.12 ይወርዳል፤ ልዩነቱም ጉልህ አይባልም።

ከዚህ አራት ነገሮችን እንገነዘባለን።

አንደኛ፣ «ፈተና» ለተማሪዎቹ የተሰጠው ነው። ስሌቱንም «ፈተና» ብንለው «የፈተናው ውጤት በፈተና ተፈተነ» ወደሚል ውዥንብር እንገባለን። «ሙከራ» ደግሞ የጥናቱ አካሄድ መጠሪያ ነው። «ፍተሻ» ምንም እንኳ የበር ጠባቂን ሥራ ቢያስታውስ፣ ያለን ነገር መርምሮ ማጣራትን ስለሚገልጽ ከሁሉ ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛ፣ «ተማሪ» የተባለው ከትምህርት ቤት ጋር ግንኙነት የለውም። በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ያገለግል የነበረው ዊልያም ሲሊ ጎሴት በ1908 እ.ኤ.አ. ይህን ጥናት ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት ያሳተመው «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም ነው። የብዕር ስም እንደማንኛውም የተጸውዖ ስም አይተረጐምም፤ ስለሆነም «የስቱደንት ቲ ፍተሻ» ማለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ «ልዩነት» እና «ልይይት» ሊለዩ ይገባል። የመጀመሪያው በሁለቱ አማካዮች መካከል ያለውን ርቀት፣ ሁለተኛው በአንድ ምድብ ውስጥ ያሉት ውጤቶች ከአማካያቸው የሚበተኑበትን መጠን ይገልጻል። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ ከላይ ያየነውን ስሌት ለአንባቢው ሊያስረዳ አይችልም።

አራተኛውና ዋነኛው «ጉልህ» የሚለው ነው። በተለመደው አነጋገር ጉልህ ማለት ጎልቶ የሚታይ፣ ትልቅ ማለት ነው። በምሳሌያችን ግን የልዩነቱ ትልቅነት አልተለወጠም፤ ያው 2 ነው። የተለወጠው ማስረጃው ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሳይቆም «በስታትስቲክስ ጉልህ» ተብሎ ይጻፍ ዘንድ እናሳስባለን።

«ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ልዩነት የለም» ብሎ የሚያሳጥር ተርጓሚ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። የመጀመሪያው ማስረጃው አልበቃም ሲል ሁለተኛው ሁለቱ ስልቶች እኩል ናቸው ብሎ ይፈርዳል። ትርጉሙን አምኖ የሚሠራ መምህር በ20 ተማሪዎች ብቻ የተሞከረን፣ ምናልባትም የሚጠቅምን የማስተማሪያ ስልት ይተዋል። ጥናቱ ያላለውን ያሰኘው ተርጓሚው ነውና ኀላፊነቱም የእርሱ ነው።