የፈረንሳይ ምሳ፣ ኪስ ሳይራቆት

ከአብደራፊ ሰሊጥህን ሸጠህ አዲስ አበባ ገባህ እንበል። ለምትወዳት ልጅ «ምሳ ፈረንሳይ ምግብ ቤት እጋብዝሻለሁ» ብለሃታል። ታዲያ በጠራራ ፀሐይ ያፈራኸው ገንዘብ በአንድ ምሳ እንዳያልቅ ምን ይሻላል?

መላው ቀላል ነው። እኛ «ሜኑ» የምንለውን የምግብ ዝርዝር ፈረንሳዮች «ካርት» ይሉታል። በእነሱ ዘንድ «ሜኑ» በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚቀርብ ሙሉ ምግብ ነው፦ ማስጀመሪያ፣ ዋና ምግብ፣ ማጣጣሚያ። ከካርቱ እያንዳንዱን ለየብቻ ከማዘዝ ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፤ የምሳው ደግሞ ከእራቱ።

ከማዘዝህ በፊት አስተናጋጁን ጠይቅ። መጠጥ አለበት ወይ? 15 በመቶው ቫትና የአገልግሎት ክፍያው ተደምሯል ወይ? ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጾም መኖሩን አጣራ፤ የፈረንሳይ ምግብ ቅቤና ክሬም ይወዳል። ሥጋውን «በደንብ ይብሰል» ካላልክ ደም ያዘለ ሊመጣልህ ይችላል። ጥሬ ሥጋ ለለመደ ግን ይሄ ምን ያስደነግጣል?

ሹካ በግራ፣ ቢላዋ በቀኝ። ዳቦውን በእጅህ ቁረስ፤ ፈረንሳዩም እንደዚያው ነው።

ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጠየቀ ብላ የምታፍርብህ ከሆነች፣ ሊያሳስብህ የሚገባው ሂሳቡ ሳይሆን ፍቅሩ ነው።