ጎልማሳው የሚቸገረው የት ላይ ነው?

«አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ፊደል አይገባውም» ይባላል። ወሬው ቡና ላይ ቢቀር ባልከፋ፤ የጎልማሶች ትምህርት ለመዳከሙ ምክንያት ሆኖ ሲጠቀስ ግን ዝም አይባልም። በ2010 እ.ኤ.አ. ስታኒስላስ ደሃንና ባልደረቦቹ በብራዚልና በፖርቱጋል የ63 ጎልማሶችን አእምሮ በኤምአርአይ መርምረው ነበር። ካደጉ በኋላ ማንበብ በተማሩት 22 ሰዎችም ላይ፣ ጽሑፍ የሚለየው የግራ አእምሮ ክፍል ሥራውን ይዞ ተገኝቷል።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ጆዜ ሞራይስና ባልደረቦቹ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ማንበብ የማይችሉ ፖርቱጋላውያን ጎልማሶች የቃልን የመጀመሪያ ድምፅ እንዲያነሱ ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ አልቻሉም፤ ካደጉ በኋላ የተማሩ ጎረቤቶቻቸው ግን ቻሉ። ከ«ሰላም» ላይ «ሰ»ን አንሱ ቢባል «ላም» ማለት አይከብድም። ከ«ሰ» ውስጥ «ስ»ን ብቻ ነጥሎ አናባቢውን ማስቀረት ግን ሌላ ሥራ ነው። አፋችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚያወጣቸው፣ ከእንሰት ቃጫ እንደተገመደ ገመድ የአንዱ መጨረሻና የሌላው መጀመሪያ አይታይም። ይህ ችሎታ በዕድሜ ብዛት አይመጣም፤ የሚያመጣው ድምፅን ለያይቶ የሚጽፍ ፊደል መማር ነው።

ሀዲይኛና ከምባትኛ የሚነገርባቸውን ሆሳዕናን፣ ሾኔንና ዱራሜን ነገሩ በቀጥታ ይመለከታቸዋል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይኛና ከምባትኛ ከ15ቱ የማስተማሪያ ቋንቋዎች መካከል ነበሩ፤ የሚጻፉትም በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ሁለቱም በላቲን ይጻፋሉ። እዚያ ተነባቢና አናባቢ ለየብቻ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ጎልማሳው ገና በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቀው ያንኑ ከባዱን መነጠል ነው። ልጅም ይህንኑ ይጠየቃል፤ ልጅ ግን ዓመታት አሉት፣ ጎልማሳው ከእርሻና ከገበያ የተረፈች ሰዓት ብቻ።

ላቲኑ ይቅር ማለቴ አይደለም። በእነዚህ ቋንቋዎች የድምፅ መርዘምና መጥበቅ ትርጉም ይለያል፤ የላቲኑ ሆሄ ደግሞ ያሳየዋል፣ የግዕዙ አያሳይም። በሌላ በኩል «ሰ፣ ሱ፣ ሲ» በመልክ ስለሚመሳሰሉ የግዕዝ ፊደልም ተነባቢውን በከፊል ይጠቁማል፤ ስለዚህ የፖርቱጋሉ ውጤት ወደ እኛ እንዳለ አይገለበጥም። ዕድሜ ምንም አይጎዳም ብሎ መማልም አይቻልም፤ በደሃን ጥናት ዘግይተው የተማሩት ንባባቸው ቀርፋፋ ነበር። ተመራማሪዋ ሄለን አባድዚ ይህን ከዕድሜ ጋር ታያይዘዋለች፤ እኔ ወደ ልምምድ ማነስ አደላለሁ፣ ክርክሩ ግን አልተዘጋም። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ማልኮም ኖውልስ ጎልማሳ ከልጅ በተለየ መንገድ ይማራል ያለውም ከተወዳጅነቱ ያነሰ ማስረጃ ነው ያለው።

ለጎልማሶች ትምህርት አመቻቹ የምለው ይህ ነው፦ ሰሌዳው ከመሞላቱ በፊት በቃል ይሠራ። ተማሪዋ የምታውቀውን የገበያ ቃል ትጥራ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ ታስረዝመው፣ ታንሳው፣ በሌላ ትተካው፤ ሆሄው ከዚያ ይምጣ። በማግስቱ፣ ከዚያም በሳምንቱ፣ ሰሌዳ ሳታይ ከራሷ አውጥታ ትጻፈው። የማስታወስ ተመራማሪው ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ተበታትኖ የተደገመ ትምህርት በአንድ ጊዜ ከታጨቀው ይልቅ ይቆያል።