ፓስፖርቷን የምትመልስ እናት

አንዲት አሜሪካዊት ስዊዘርላንዳዊ አግብታ፣ በባልዋ አገር ጎጆ ቀልሳ፣ ልጆች ወልዳ ትኖራለች እንበል። ደመወዟን የምታገኘው እዚያው፣ ግብሯንም የምትከፍለው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ ግብር የሚጠይቀው በመኖሪያ ብቻ ሳይሆን በዜግነትም ስለሆነ፣ በየዓመቱ ለዋሽንግተን ገቢዋን ማስታወቅ ይኖርባታል። ጎረቤታችን ኤርትራም በውጭ ከሚኖሩ ዜጎቿ ከገቢያቸው 2 በመቶ ትጠይቃለች።

ጉዳዩን በዚህ ዓምድ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሸክሙ የሚያርፈው በባለጸጋው ላይ ብቻ አይደለምና። የውጭ ዜጋ ያገባችና ገቢዋን ለብቻዋ የምታስታውቅ አሜሪካዊት የዓመት ገቢዋ 5 ዶላር ከደረሰ ቅጹን የመሙላት ግዴታ አለባት። አምስት ሺህ አላልንም፤ አምስት ዶላር ነው። ከባልዋ ጋር በጋራ የያዘችው የባንክ ሒሳብ ከሌሎቹ ሒሳቦቿ ጋር ተደምሮ በዓመቱ ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ፣ ያንንም በሌላ ቅጽ ታሳውቃለች። ባልየው የአሜሪካን ምድር ረግጦ ባያውቅም የቤቱ ገንዘብ ይገለጣል።

እርግጥ ነው፣ በሚኖሩበት አገር የከፈሉት ግብር ስለሚታሰብላቸው ብዙዎቹ በመጨረሻ የሚከፍሉት የለም። የሚያማርራቸው የወረቀቱ ብዛት፣ የሒሳብ አዋቂው ዋጋና የቅጣቱ ፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሕግ የውጭ ባንኮች የአሜሪካውያንን ሒሳብ እንዲያሳውቁ ካስገደደ ወዲህ ደግሞ፣ በኤውሮፓ አንዳንድ ባንኮች አሜሪካዊ ደንበኛ አንቀበልም እስከ ማለት ደርሰዋል።

ከዚህ የተነሣ ዜግነታቸውን የሚመልሱ አሉ። ከአሜሪካ ውጭ በሚገኝ ቆንስላ በአካል ቀርቦ መማል ያስፈልጋል። ክፍያው እ.ኤ.አ. በ2014 ከ450 ወደ 2,350 ዶላር ከፍ ብሎ ብዙ አነጋግሯል። ያለፉት አምስት ዓመታት ግብር መጣራት አለበት፤ ሀብቱ 2 ሚሊዮን ዶላር የደረሰ ሰው ደግሞ የመውጫ ግብር ይጠብቀዋል።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ አንድ አንቀጽ ግብር ለመሸሽ ሲል ዜግነቱን የተወ ሰው ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ይከለክላል። አንቀጹ በሥራ ላይ የዋለው ከስንት አንዴ ነው፤ በእኔ አስተያየት እናቶችን ሊያሳስባቸው የሚገባውም እሱ አይደለም። መሐላው አይታጠፍም። ያች ሴት በስዊዘርላንድ ፓስፖርት ለጉብኝት ብትሄድ የሚፈቀድላት 90 ቀን ነው። እናቷ አልጋ ብትይዝስ? ማስታመም በቀን ቆጠራ ሊሆን ነው።

ነገሩ ወደ እኛም ቤት ይዘልቃል። የአሜሪካ ዜግነት ወስዳ ኖራ ወደ አዲስ አበባ የተመለሰች ኢትዮጵያዊት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ይዛ መኖርም መሥራትም ትችላለች፤ የአሜሪካ ቅጽ ግን ይከተላታል። ኢትዮጵያዊ ዜግነቷን መልሳ ማግኘት ከፈለገች፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የዜግነት አዋጅ የውጭውን እንድትተው ያስገድዳታል። ያን ጊዜ ከቅጹም ትገላገላለች። ሆኖም እዚያ የቀረችው ልጇ ወልዳ አራስ ስትሆን፣ ገንፎ ላገንፋላት፣ ልረሳት ብላ ስትነሣ፣ ቪዛ ለመጠየቅ ኤምባሲ ትሰለፋለች። ትናንት ዜጋ መሆኗ መብት አይሆናትም፤ እንደ ማንኛውም አመልካች ሄዳ እንደማትቀር ማስረዳት የእሷ ፈንታ ነው። ልጇ ዜጋ ከሆነች የመኖሪያ ፈቃድ ልትጠይቅላት ትችላለች፤ አራስ ቤት ግን ያን ያህል አይቆይም።

ዜግነትን መተው የግል መብት በመሆኑ እናት ስለ ልጇ ልትፈርም አትችልም። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ያላት እናት ፓስፖርቷን ብትመልስም የልጁ ባለበት ይቆያል። ኒው ዮርክ አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርሱ ልጁ በዜጎች መስመር፣ እሷ በእንግዶች መስመር የሚቆሙ ናቸው።